«እንቅልፋም» የሚባል አለ፤ እንቅልፍ ያጣው ሰውስ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እኔ በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነኝ። አንድ ተማሪዬ «ብዙ የሚተኛ ሰው እንቅልፋም ይባላል፤ እንቅልፍ የማይወስደውስ ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። «እንቅልፍ አልባ» ብዬ መለስኩለት፤ ነገር ግን ለራሴም አልጣመኝም። በሬዲዮ «ኢንሶምኒያ ያለበት» ሲሉ እሰማለሁ፤ ጋዜጣ «የእንቅልፍ እጦት ተጠቂ» ይላል፤ እናቴ ደግሞ «እንቅልፍ ነስቶታል» ነበር የምትለው። እርስዎ በሙያዎ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ብዙ ሌሊት ስላሳለፉ ልጠይቅዎት፤ ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ መምህር፣ ለተማሪዎ «አንድ ወጥ ስም የለውም» ብለው ይመልሱለት። «እንቅልፋም» ላይ ያለው መጨረሻ የአንድን ነገር መብዛት የሚናገር ነው፤ ሀብት የበዛለት ሀብታም፣ ለሆዱ የሚያደላ ሆዳም፣ እንቅልፍ የሚበዛበት እንቅልፋም። የጎደለበትን ሰው በዚህ መንገድ ልንጠራው አንችልም። «እንቅልፍ አልባ»ም ያልጣመዎት በምክንያት ነው። «እንቅልፍ አልባ ሌሊት» ሲባል ያምራል፤ «እንቅልፍ አልባ ሰው» ሲባል ግን ሰውየው ከመጀመሪያውም እንቅልፍ ያልተፈጠረለት ይመስላል። የጋዜጣውን «ተጠቂ» ደግሞ እኔ አልወደውም። ሰው ላይ የተለጠፈ ስም በቀላሉ አይነሳም፤ ሰውየው እንቅልፉ ከተመለሰለትም በኋላ ስሙ ይከተለዋል።

ስም ባይኖረን ግስ ሞልቶናል። በሌሊት ተረኝነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ሕሙማን ከውድቅት በኋላ የሚሉኝን ሳዳምጥ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰው ስለ እንቅልፉ ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አይሆንም፤ ተሳቢ ነው። እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ይጥለዋል፣ ይዞት ይጠፋል፤ አለዚያም ይሸሸዋል፣ ይርቀዋል፣ እምቢ ይለዋል። ይህንን ለተማሪዎችዎ ያሳዩልኝ። ሰው በፈቃዱ የሚያደርገው ነገር እንዳልሆነ ሰዋስዉ ራሱ ይመሰክራል። «ዓይንህን ጨፍነህ ተኛ እንጂ!» እያሉ በሌሊት የሚቆጡ ቤተሰቦች ይህን ቢያስተውሉ ደስታዬ ነው።

ከዚህም በላይ ግሱ ሕመሙን ይለያል። ስለዚህ ነው የማንንም ቃል በ«ኢንሶምኒያ» ለመተካት የማልቸኩለው። ኢንሶምኒያ ሐኪም በካርድ ላይ የሚጽፈው ስም ነው፤ በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ለ3 ወር ያህል ሲዘልቅ ሥር የሰደደ ይባላል። ሕመምተኛው ግን ከዚህ ስም የበለጠ ነው የሚነግረን።

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚል ሰው ገና ከመነሻው የሚገላበጠው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ቡናው ነው። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አቦልና ቶናውን የጠጣ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲተኛ ግማሹን ይዞት ነው አልጋ ላይ የሚወጣው። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል።

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይገለጣል፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም» የሚለው ግን ሌላ ሰው ነው። ሲተኛ እንቅልፍ አልቸገረውም፤ የተቸገረው ንጋት ሳይደርስ በመንቃቱ ነው። ይህ ሰው እህል አልጣፍጥ ብሎት እንደሆነ፣ ጠዋት ላይ ከአልጋ መነሳት ተራራ ሆኖበት እንደሆነ፣ ይወደው የነበረውን ነገር ትቶ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። እንዲህ ሲደራረብ የድባቴ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የእንቅልፍ ኪኒን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት በደል ነው።

«እንቅልፍ አያጠግበኝም» የሚልም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ጠዋት ራሱን እያመመው የሚነሳ፣ ቀን ቁጭ ባለበት የሚያንጎላጅ ሰው ነው። እርሱ ስለማያውቀው ሚስቱን ነው የምጠይቃት። «ያንኮራፋል፤ ድንገት ደግሞ ጸጥ ይልና ትንፋሹ የቆመ ይመስለኛል» ካለችኝ፣ የአየር መተላለፊያው በእንቅልፍ ውስጥ እየተዘጋ ሊሆን ይችላል። ከደም ግፊት ጋርም ይያያዛል። ለእንዲህ ያለ ሰው ማስተኛ መድኃኒት ትንፋሹን ይብስ ሊያዳክምበት ይችላል። እርጉዞች ደግሞ ብዙ ጊዜ «እግሬን ያቅበጠብጠኛል፤ ካላንቀሳቀስኩት አልችልም» ይሉኛል። የደም ምርመራ ይደረግላቸው፤ የብረት ማዕድን ማነስ ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ይገኛል።

አሁን ወደ እናትዎ ቃል ልመለስ፤ እኔም ከሁሉ የማከብረው እርሱን ነው። «ነሳ» ማለት ለሰው የሚገባውን መከልከል ነው። ጤና ይነሳል፣ ሰላም ይነሳል፣ ፊት ይነሳል። ነሳ ካልን የነሳ አለ። ስለዚህ «እንቅልፍ ነሳኝ» ሲሉኝ «ማን ነሳዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱም ሁልጊዜ ይመጣል። «ቁርጥማቱ ነሳኝ» ካሉ የሚያስፈልጋቸው የሕመም ማስታገሻ ነው። «ዕዳው ነሳኝ» የሚሉ አሉ። ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዳ ስልኳ የተዘጋባቸው እናት «የልጄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ» ብለውኛል። ለእኚህ እናት ኪኒን ምን ያደርግላቸዋል? የሚሻላቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥና ልጅቱን በማፈላለግ የሚረዳ ሰው ነው። «የእንቅልፍ እጦት ተጠቂ» ብለን ጽፈን ብንዘጋው ግን ስለ ልጅቱ ማንም አይጠይቅም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለጤና ባለሙያዎችም ነው። «ተኛ» እና «እንቅልፍ ወሰደው» በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተኛ ማለት ጎኑን አሳረፈ ማለትም ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ «ተኝቶ ታካሚ» የምንለውም ሲያንቀላፋ ስለሚውል አይደለም። ወጣት ሐኪም «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሕመምተኛው «ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት» ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ! ካርዱ ላይ «እንቅልፉ ደህና ነው» ተብሎ ይጻፋል። ሰውየው የነገረው ግን አልጋ ላይ የቆየበትን እንጂ እንቅልፍ የወሰደውን ጊዜ አልነበረም። «ስንት ሰዓት ጋደም ይላሉ? ከዚያስ ስንት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ተብሎ ለየብቻ መጠየቅ አለበት።

«ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ» የሚለውንም ሰው ውሸታም አታድርጉት። ሌሊት ስዞር ሲያንኮራፋ የሰማሁት ሰው ጠዋት እንዲህ ሊለኝ ይችላል። እንቅልፍ ያጡ ሰዎች የተኙበትን ጊዜ አሳንሰው የሚገምቱት ለማታለል ብለው አይደለም፤ በሰመመንና በመንቃት መካከል ያደረ ሰው ያንን እንደ እንቅልፍ አይቆጥረውም። ድካሙም እውነተኛ ድካም ነው።

ስለዚህ መምህር፣ ተማሪዎ በድርሰቱ «እንቅልፍ ያጣ ሰው» ብሎ ቢጽፍ ደህና አማርኛ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግን እንዴት እንዳጣው በግስ እንዲጽፍ ያድርጉልኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፤ የምወጣው ጠዋት ነው። እናቴ አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቡናዋን አፍልታ ስትደውል እዚህ ገና እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ነው። ሳላነሳ ስቀር «እንቅልፋም ሆነሃል» ትለኛለች፤ በጣም ይከፋኛል። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ኢንሶምኒያ አለብህ ይሉኛል። ዕረፍት በሆንኩበት ቀን ግን ጎኔ አልጋ ከነካ እስከ ማታ አልነሳም። እኔ የትኛው ነኝ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱንም አይደለህም። ያለብህ የእንቅልፍ እጥረት ነው፤ የእንቅልፍ እጦት አይደለም። በጤና ጽሑፎች ጭምር እያቀላቀሉ ይጽፏቸዋል፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። እጥረት ያለበት ሰው ጊዜና ጸጥታ ቢሰጡት ወዲያው ይተኛል። እጦት ያለበት ሰው ጊዜውም አልጋውም ጸጥታውም ኖሮት እንቅልፍ አያገኝም። አንተ ዕረፍት ባገኘህበት ቀን መተኛትህን ራስህ ነግረኸኛል።

አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ያንን ቀን ላይ መፈለግ አለብህ። ጠዋት ስትወጣ ብርሃኑ አንጎልህን «ነጋ» ስለሚለው ጥቁር መነጽር አድርግ፤ ነገር ግን የምትነዳ ከሆነ እንቅልፍ እየመጣብህ እንዳልሆነ እርግጠኛ ሁን። ማንጎላጀት ስትጀምር መኪናውን አቁም። ሸለብታ የጥቂት ሰከንድ ነገር ናት፤ መሪ ላይ ግን ለሞት ትበቃለች። የምታውቃቸው የሌሊት ተረኞች ካሉ ተራ በተራ እየነዳችሁ፣ ወይም በአውቶቡስ ብትገቡ ይሻላል። መስኮትህን በወፍራም መጋረጃ ሸፍነው። የዕረፍት ቀንህንም ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላው ሰው ሰዓት አትገልብጠው፤ ጥቂት ሰዓቶች ሁልጊዜ የማይለወጡ ይሁኑ።

ወደፊት ጊዜ አግኝተህም አልተኛ ካለህ፣ ያን ጊዜ እጦት ነው፤ እጦት ደግሞ በኪኒን አይጀመርም። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች መጀመሪያ እንዲሰጥ የመከረው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምናን (በእንግሊዝኛ CBT-I የሚባለውን) ነው። የመነሻ ሰዓትን አንድ ማድረግ፣ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መተው፣ እንቅልፍ ሲርቅ ከአልጋ ወርዶ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ቁጭ ማለትና ሲመጣ መመለስ፣ ሰዓት አለማየት ከዚህ ሕክምና ውስጥ ናቸው። እዚያ አገር ስላለህ ሐኪምህን በስሙ ጠይቀው።

የእናትህ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም የከፋህ በአንድ ቃል ነው። «እንቅልፋም» በአገራችን የስንፍና ስም ነው፤ እናትህም ያለችህ የምትሠራውን ስላላየች ይመስለኛል። «ናይት ሺፍት» ብለህ አትንገራት። «እማዬ፣ እኔ የአዳር ተረኛ ነኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሽማግሌና ባልቴት አስታምሜ ጠዋት ነው የምገባው» በላት። አስታማሚን እናትህ አሳምራ ታውቃለች። በሆስፒታል ወለል ላይ ጋቢ ለብሳ ዘመዷን ያስታመመች ሴት ሁሉ፣ አስታማሚ ቀን ሲተኛ ማንም እንደማይቀሰቅሰው ታውቃለች። ከዚያ ቡናዋን ወደ 8 ሰዓት ተኩል አምጭልኝ በላት፤ በበጋችሁ ያ ሰዓት እናንተ ዘንድ በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት 7 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቤት ገብተህ ሳትተኛ ታናግራታለህ። ክረምታችሁ ሲገባና ሰዓታችሁን ስታዞሩ ቡናው 9 ሰዓት ተኩል ይሁን።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ በጅማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን መምህራችን «ትጉህ» የሚለው ቃል በግዕዝ የማይተኛ ማለት ነው ብለውናል። በፈተና ሰሞን ጓደኞቼ በጫትና በቡና ሌሊቱን ነቅተው ያጠናሉ፤ «ትጉህ ተማሪ አይተኛም» ይሉኛል። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ልጄ፣ መምህራችሁ ልክ ናቸው። በግዕዝ ተግሀ ማለት ነቅቶ መጠበቅ ነው፤ በመጽሐፈ ሄኖክም ትጉሃን የተባሉት መላእክት ናቸው። ሥጋ ያለን እኛ ግን የተማርነውን በአእምሯችን የምናጸናው ስንተኛ ነው። ሌሊቱን በምርቃና ያነበብከው ጠዋት ፈተናው ላይ የማይገኝልህ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ነው፤ ድካምን ይሸፍናል እንጂ አይከፍልልህም። ምርቃናው እንዲበርድ መጠጥ የሚጨምሩ ተማሪዎችም አሉ፤ መጠጥ ደግሞ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል። እኔ የምልህ፣ በጊዜ ጀምረህ ቀን አጥናና ተኛ። ማኅሌት ቆመው የሚያድሩት ካህናት እንኳ ከአገልግሎት በኋላ ያርፋሉ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ወንድሜ ከጦርነቱ ከተመለሰ በኋላ ሌሊት እየጮኸ ይነሳል። ላብ ያጠምቀዋል፤ የት እንዳለ ለትንሽ ጊዜ አያውቅም። አንድ ቀን ልቀሰቅሰው ስነካው እጄን ጠምዝዞ ሊሰብረኝ ነበር። አሁን መተኛት ራሱ ፈርቷል፤ ቁጭ ብሎ ያድራል። ጎረቤቶች ዱካክ ነው ይላሉ፤ እናታችን ጸበል ልትወስደው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ወንድምሽን ስለጠበቅሽው አመሰግንሻለሁ። የጻፍሽልኝ ዱካክ አይደለም። ዱካክ የተጫነው ሰው ይነቃል፤ ግን መንቀሳቀስም መጮኽም አይችልም። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ሰውነታችን ይዝላል፤ አእምሮ ከሰውነት ቀድሞ ሲነቃ ሰውየው የታሰረ ይመስለዋል፤ ደረቱ ላይም አንድ ነገር የተቀመጠበት ያህል ይከብደዋል። ያስፈራል እንጂ ራሱ ጉዳት የለውም፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥም ይለቃል። ወንድምሽ ግን ይጮኻል፣ ይነሳል፣ እጅ ይይዛል። አማርኛችን ለዚህ ሌላ ቃላት አሉት፤ ያቃዠዋል፣ ይባንናል፣ ይበረግጋል። ቀንም በር ሲንጓጓ የሚበረግግ፣ ያየውን የሚያስታውሰውን ቦታና ወሬ የሚሸሽ ከሆነ፣ ይህ ብዙ ክፉ ነገር ያዩ ሰዎችን የሚይዝ፣ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ምኅጻር PTSD የሚሉት፣ ስም ያለውና የሚታከም ሕመም ነው። ፈሪ ወይም ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ይህንንም በአፍሽ ንገሪው።

ሌሊት ሲጮኽ አትንኪው። በሩ አጠገብ ቆመሽ ብርሃን አብሪና በስሙ ጥሪው፤ «እኔ ነኝ፣ እኅትህ ነኝ፤ ቤትህ ነህ፤ ደብረ ብርሃን ነን» በይው። ሲረጋጋ ውኃ ስጪው፤ ምን እንዳየ ግን በዚያ ሰዓት አትመርምሪው። መሣሪያ ወይም ስለት ያለው ነገር ቤት ውስጥ ካለ አርቂው። እንዲተኛ ብሎ መጠጥ እንዳይጀምር፣ ከሰው እጅም ዳያዜፓም እየተቀበለ እንዳይውጥ ተጠንቀቂ፤ ይህ መድኃኒት ሱስ ይሆናል። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ነገር ከተናገረ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ብቻውን ሳትተዪው በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጂው።

ጸበሉን አልከለክልሽም። እናታችሁ ከልባቸው ያመኑበትን ነጥቆ ሕክምና መስጠት እኔም አልሞክረውም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። በሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ወይም በዚህ ሙያ የሠለጠነ ነርስ ጋ ውሰጂው። ስትደርሺ ግን «እንቅልፍ አልተኛ ብሎታል» ብለሽ ብቻ አትናገሪ፤ ይህን ካልሽ የእንቅልፍ ኪኒን ተሰጥቶት ሊመለስ ይችላል። «ከጦርነት ከተመለሰ ጀምሮ ይቃዣል፣ እየጮኸ ይባንናል፣ መተኛት ይፈራል» በይ። በሳምንት ስንት ሌሊት እንደሚጮኽና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ እርሱ ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ «ደህና ነኝ» ሊል ይችላልና።